እሺ ባይ ረዳት ለአለቃው ኪሳራ ነው

ነጋዴው ፀሐፊ ወይም ልዩ ረዳት ሲቀጥር በአብዛኛው የሚፈልገው ትዕዛዙን ያለ አንዳች ጥያቄ የሚፈጽምለትን ሰው ነው። ማታ ሲደወልለት የሚያነሳ፣ እሁድ ሲጠራ የሚመጣ፣ «አይሆንም» የማይል። የዚህ ዓይነቱ ረዳት ዋጋ ግን ደመወዙ ብቻ አይደለም። የደብረ ታቦር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር ሲቀመጡ ከቅርብ ባለሟሎቻቸው አንዱ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነበር። ቤል ቀደም ሲል የደብረ ታቦሩን ራስ ዐሊን ያገለገለ ሰው ነው። ሊቀ መኳስ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ የሚስብ ሹም ስለሆነ ሥራው ሕይወትን የሚያስከፍል ነው። ቤልን ተፈላጊ ያደረገው ግን ይህ ብቻ አልነበረም፤ ምክሩን ንጉሡ ይሰሙት ነበር። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፉ፣ ቤልም በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ ከሞተ በኋላ የንጉሡን ቁጣ የሚያበርድ ሰው መጥፋቱን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል።

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የነበሩት አውሮፓውያን ደግሞ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ባለሙያዎቹ ሥራውን አናውቅም ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። በሥራው ጥንካሬ የሚታማ የለም። ነገር ግን ንጉሡ የሚገዙት አገር በአመፅ እየጠበበ ሳለ፣ ለዚያ ችግር መድፍ መድኃኒት ይሆን እንደሆነ በድፍረት የጠየቃቸው አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሱ፣ መድፉ ከጥቅምት እስከ መጋቢት መንገድ እየተጠረገለት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን ግን ሁሉም ነገር አበቃ።

እሺ ባይነት እንግዲህ የረዳቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን አለቃው ራሱ የሚፈጥረው ነገር ነው። «አይሆንም» ባለ ቁጥር የሚሰደብ ፀሐፊ፣ የባንክ ሂሳቡ ባዶ መሆኑን እያወቀ በቂ ስንቅ የሌለውን ቼክ ለፊርማ ያቀርባል። ቼኩ ሲመለስ የሚከሰሰው ፈራሚው እንጂ ፀሐፊው አይደለም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የረዳቱ ሥራ ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈል። ከሁሉም በላይ በሳምንት አንድ ቀን ረዳቱ መጥፎውን ወሬ ያለ ፍርሃት የሚያወራበት ሰዓት ይሰጠው። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። በየቢሮው ደግሞ «ይቅርብዎ» የሚል ሰው በማጣት ብቻ የሚጎተት የራሱ ሴባስቶፖል ያለው ነጋዴ ጥቂት አይደለም።