ስለ ዱርና ስለ ውሃ

ሰው የዕለት ሥራውን ትቶ ለጥቂት ሰዓት በዱር መንገድ ቢመላለስ፥ ጊዜውን በከንቱ እንዳጠፋ የሚቈጥሩት አሉ። ነገር ግን እግር በጸጥታ ሲሄድ ዐይንና ልቡና ብዙ ትምህርት ስለሚሰበስቡ፥ እንዲህ ያለው ጕዞ ከሥራ ፈትነት ጋራ ሊቈጠር አይገባውም። ዛሬም ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት የወደድነው ከዚህ ጕዞ የሚገኘውን አንድ ትምህርት ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፥ በገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የአቃቂን ወንዝ የሚያውቀው ከግርጌው ነው። ውሃው ከተማውን አቋርጦ፥ የቤቱንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ ስለሚደርስ መልኩ ጠቍሯል፤ ሽታውም ከብዷል። ስለዚህ በዚያ ሠፈር የተወለደ ልጅ ወንዝ ማለት ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የቈሸሸ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም።

ይህ ልጅ ግን አንድ ቀን ከአባቱ ጋራ በቃሊቲ፥ በአየር ጤናና በሰበታ በኩል አልፎ በወጨጫ ተራራ ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ዱር ቢወጣ፥ ሌላ ነገር ያያል። በዚያ ጥድና ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ ቅርንጫፋቸውን አያይዘው ቆመዋል፤ ጉሬዛው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል፤ ድኩላውም የሰው ኮቴ ሲሰማ ወደ ጥሻው ይገባል። ከእግር መንገዶቹ አንዱ ወደ ፏፏቴ ያደርሳል። መንገደኛው የውሃውን ድምፅ ገና ውሃውን ሳያይ ይሰማል፤ ከደረሰም በኋላ ከዐለቱ ላይ ጠርቶ የሚወርደውን አይቶ ይደነቃል።

ውሃው እንዲህ የጠራበት ምክንያት ከእግሩ በታች ነው። የረገፈው ቅጠል እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ዝናሙን ይቀበለዋል፤ ሥሩም አፈሩን ይዞ ውሃውን ጥቂት በጥቂት ወደ ምድር ያሰርገዋል። በክረምት የተቀበለውንም በበጋ በምንጭ መልሶ ይሰጣል። ዛፉ በተመነጠረበት አገር ግን ዝናሙ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ጊዜ በጎርፍ ይሄዳል፤ በበጋም ምንጩ ይደርቃል።

ዱሩ የሚበዛው በተራራው ምዕራብ በኩል ነው። ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከሌላው ጐኑ ተነሥቶ ወደ ከተማው ይወርዳል፤ ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ሁለቱም በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አባ ሳሙኤል ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ግድቦች አንዱ ሲሆን፥ ከላይ የታጠበው አፈርና ከከተማው የወረደው ቈሻሻ በውስጡ ተከማችቷል። እንግዲህ ከላይ የተበደለው ከታች መታየቱ በዚህ ይታወቃል።

በአባቶች ሲነገር እንደ ቈየው፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ አስተክለዋል። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ስለ ሆነ፥ የተከለው ሰው በጥላው ሥር እንደማይቀመጥ ያውቃል፤ የተከለው ለማያውቀው ልጅ ነው። የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት አጸድም እንዲሁ በካህናት ጥበቃ ስለ ኖረ፥ በብዙ የአማራ አገር ከቀድሞው ዱር የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው።

ከዚህ የተነሣ ለባለሥልጣኖችና ለካህናት አደራ እንላለን። ሹሙ የወንዙን ዳር ከማጽዳቱ ጋራ የወንዙን ራስ ደግሞ ይጠብቅ፤ ግርጌውን ብቻ ቢያጥብ ድካሙ በየክረምቱ ይታደስበታልና። የፋብሪካውንም እድፍ ሳይጣራ ወደ ውሃው እንዳይለቀቅ ይከልክል። ነገር ግን ጥበቃው በድኻ ላይ ብቻ እንዳይከብድ ያስፈልጋል። እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ከተራራ የምትወርደው እናት ዱሩን የምትቈርጠው ስለ ጠላችው ሳይሆን ልጆቿን ለማብላት ነው፤ ስለዚህ ከዱሩ ከማስወጣት አስቀድሞ የምትተዳደርበትን ሥራ ማሰናዳት ይገባል። ካህኑም በደብሩ አጸድ ያለውን ዛፍ እንደ ጠበቀ፥ ከቅጥሩ ውጭ ያለውንም ሕዝቡ እንዲጠብቅ ያስተምር።

አባቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዱር መንገድ ይውጡ። የጠራ ውሃ ሲወርድ ያየ ልጅ ወደ ገላን ሲመለስ በአቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ፥ «ይህስ ወንዝ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። መልሱንም ከእኛ ስለሚጠብቅ ከወዲሁ በሥራ እናሰናዳለት።