ፎቶው የታለ?

ይህን ጥያቄ የተጠየቅነው በአንድ የስንዴ ማሳ ዳር ቆመን፣ ጫማችን በጤዛ ርሶ፣ አንዷ ጓደኛችን ገና ከስንዴው መሐል ሳትወጣ ነው። ጠያቂው ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አባት ነበሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

ከመጀመሪያው እንጀምር።

አምስት ነን። ሦስታችን ጋዜጠኝነት ተመርቀን ዜና ከመጻፍ ይልቅ የሰው ማስታወቂያ ስናርም የምንውል፣ አንዱ ባንክ የሚሠራ፣ አንዷ ደግሞ ካሜራዋን በዕቁብ ብር የገዛች። ወር በገባ ቁጥር ከከተማ ወጥተን መልክዐ ምድር እናነሳለን። ለምን ቢሉን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከቆርቆሮ አጥርና ከግንባታ አቧራ በላይ አድማስ ማየት ስላስቸገረን ነው። አምና ኅዳር ላይ ተራው የአርሲ ነበር። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብለን ለሦስት ሰው ደውለን (የዘመኑ የመንገደኛ ጸሎት ይህ ነው)፣ ሚኒባስ ተከራይተን፣ በፍጥነት መንገዱ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ ደቡብ ታጥፈን አሰላ አደርን።

አሰላ ፀሐይ ዘግይታ ትደርሳለች። ጭላሎ ተራራ በምሥራቅ በኩል ቆሞ ይጋርዳታል። ሰማዩ ነግቶ ማሳው ገና ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ብርሃኑ ከተራራው ትከሻ ላይ ድንገት ይፈስሳል። በማግስቱ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ስንወጣ ያየነውን እስካሁን እናወራዋለን። ጉብታ፣ ስርጓዳ፣ እንደገና ጉብታ፤ ሁሉም ቢጫ። ፎቶ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ እኩለ ቀን ላይ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ የሚመስለው ማሳ ጠዋት ብርሃን ከጎኑ ሲነካው ሆድና ጀርባ ያወጣል። ረጅም ሌንስ የያዘው ጓደኛችን ኮረብታውን በኮረብታ ላይ እየደራረበ «ጣሊያን ነው የሚመስለው!» ይላል። (ለምንድነው ቆንጆ ነገር ስናይ የሰው አገር የምንጠራው? ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ያን ጠዋት ያላየነው ብዙ ነው። ያ አንድ ወጥ ቢጫ ጨርቅ የአንድ ሰው አይደለም። ኩታ ገጠም ይሉታል፤ ጎረቤታሞች ማሳቸውን አያይዘው አንድ ዓይነት ዘር በአንድ ሰሞን ይዘራሉ፣ ማሽኑም አንዴ ገብቶ ያጭዳል። እኛ «መስመሩ እንዴት ያምራል!» ያልነው የብዙ አባወራና እማወራ የዓመት ቀለብ ተያይዞ ነው። መሬቱም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውና ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ለአነስተኛው ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ነበር የመጣው። እርሻ አትራፊ መሆኑ ሲታይ ግን አንዳንድ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስነሱ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ስንቱ ቤተሰብ ከዚያ «ውብ» ኮረብታ ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ወርዷል። ካሜራ ይህን አያሳይም። ካሜራ የሚያሳየው ቢጫውን ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ።

ከመካከላችን አንዷ ቀይ ሻሽ ይዛ መጥታ ነበር። ቢጫ ላይ ቀይ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? «ትንሽ ወደ ውስጥ! ትንሽ! ትንሽ!» እያልን አስገባናት። በስተኋላዋ በእሷ ስፋት ልክ የተረገጠ የስንዴ መንገድ ቀረ። ማናችንም አላስተዋልነውም፤ ከሌንሱ ክልል ውጪ ነበራ!

ያን ጊዜ ነው አባት የመጡት። መጀመሪያ ሰላምታ ሰጡን፤ የእኛን ደኅንነት፣ የወላጆቻችንን ደኅንነት፣ የመጣንበትን አገር ደኅንነት ጠየቁ። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን እየተረጎመ መለስን። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተኛውን ስንዴ በከዘራቸው ጫፍ ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ። አልቆመም።

«የተኛውን ኮምባይነሩ አያነሳውም» አሉ። «እሱን በማጭድ ነው የምንለቅመው።»

የባንኩ ጓደኛችን እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አባት ብሩን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ፤ እሱም እጁን መለሰ። ኀፍረቱን ለመሸፈን ይሁን ለመካስ፣ አንዳችን «አባባ፣ አንድ ፎቶ እናንሳዎት?» አልናቸው።

«የኔ ፎቶ እናንተ ዘንድ አለ» አሉ። «መጀመሪያ እሱን አምጡ። ያ ፎቶ የታለ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና፣ በዚሁ ሰሞን፣ እንደኛው ካሜራ ያነገቡ ወጣቶች መጥተው ነበር። እሳቸውንና ባለቤታቸውን አውድማው ዳር አቁመው አነሷቸው። በካሜራው መስኮት አሳዩዋቸውም። ባለቤታቸው ራሳቸውን ሲያዩ ሳቁ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። «እንልካለን» ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ባለቤታቸው አረፉ። ለቅሶው ላይ ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው የመታወቂያው ብቻ ሆነ፤ ያችኑ ጉርድ ፎቶ ፎቶ ቤት ወስደው ሲያስተልቋት መልኩ ሟሸሸ። ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ያለው እሱ ነው። የሳቁት ፎቶ ግን አንድ ቦታ አለ። አባት አይተውታል። የማያውቁት ያለበትን ነው።

«እኛ አይደለንም እኮ አባባ» ለማለት አፋችን ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእሳቸው «እናንተ» ስህተት የለበትም። ካሜራ አንግቶ፣ ሚኒባስ ተከራይቶ፣ «እንልካለን» ብሎ የሚሄድ አንድ ዓይነት ሕዝብ አለ፤ እኛም የዚያ ሕዝብ ዜጎች ነን። ስንመለስ መኪና ውስጥ ቆጠርነው። ጉራጌ ላይ እንሰት ስትፍቅ ላነሳናት እናት፦ እንልካለን። ኮንሶ እርከን ላይ ለቆመው ልጅ፦ እንልካለን። አንኮበር መውረጃ ላይ ላነሳናቸው ቄስ፦ እንልካለን። የላክነው? አንድም። እስከ አዳማ ድረስ ማንም ሙዚቃ ክፈት አላለም።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። የዓለም ፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት ምስሎች አንዱ ስደተኛዋ እናት የሚባለው ነው። ዶሮቲያ ላንግ የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ በአተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሳችው። በፊቷ ላይ ጭንቀት የሚነበብ እናት፣ ፊታቸውን ያዞሩ ልጆች። ምስሉ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለሰፈሩ የምግብ ርዳታ ተላከ፤ እናቲቱና ልጆቿ ግን ያን ጊዜ ሰፈሩን ለቀው ሄደው ነበር። ስሟ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኑን ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሴትዮዋ የተናገረችው ከአርሲው አባት ንግግር ብዙም አይርቅም፦ ባላነሳችኝ ይሻል ነበር፤ ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ቅጂ እልክልሻለሁ ብላ አልላከችም። ለላንግ ፍትሐዊ እንሁን፤ ሥራው የመንግሥት ነበር፣ ከምስሉ ሽያጭ ሀብታም አልሆነችም። ቢሆንም ቅጂ መላክ ሀብት አይጠይቅም ነበር።

ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ቁስል አለብን። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ረሃብ ዓለምን አነቃነቀ፤ እህልም አስመጣ፤ ብዙ ነፍስ አተረፈ። ያ ምስል ግን ከዚያ በኋላ መታወቂያችን ሆኖ ቀረ። ውጭ አገር የሄደ ወንድማችን ሁሉ «አገራችሁ ምግብ አለ?» ተብሎ ተጠይቋል። እኛም እንቆጣለን፤ «ሳይጠይቁን አነሱን፣ ስማችንን ሳይጽፉ አሰራጩን» እንላለን። ልክ ነን። ታዲያ እኛስ ከአዲስ አበባ ተነስተን በቆጂ ስንደርስ ምን እያደረግን ነው? ረሃቡን በቢጫ ስንዴ ተካነው እንጂ፣ ሰውየው አሁንም ስም የለውም። ገጻችን ላይ «ገበሬ፣ አርሲ» ብለን እንለጥፈዋለን። የከተማ ልጅ ሲሆን ግን በስሙ እንጠራዋለን፣ ያውም የገጹን አድራሻ ጨምረን!

የሚነሱትን መከራከሪያዎች እናውቃቸዋለን፤ ራሳችን ስናነሳቸው የኖርን ነንና።

«ማስፈቀድ ቅጽበቱን ይገድለዋል።» አንዳንዴ ይገድለዋል። ግን ከዚያ ጉዞ የቀሩልንን ጥሩ የሰው ፎቶዎች ስናይ፣ አብዛኞቹ ቡና ከጠጣን በኋላ ያነሳናቸው ናቸው። ደግሞ የሰው ማሳ ውስጥ ያለች ቅጽበት የኛ ናት ያለው ማነው?

«ብር እንክፈላቸውና ይብቃ።» በዚህ መኪና ውስጥ ተጣልተናል፤ አሁንም አልታረቅንም። ግማሻችን መክፈል ክብር ነው ይላል፣ ግማሻችን ደግሞ እያንዳንዱን መንገድ ዳር «ብር ስጪኝ» ወደሚባልበት ገበያ ይለውጠዋል ይላል። የተስማማንበት አንድ ነገር አለ፤ ለረገጥነው ሰብል ካሳ መክፈል ልመና ማባባስ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ለተገባ ቃል ግን ብር ምትክ አይሆንም። አባት ፊታቸውን ወደ ማሳው ሲመልሱ የነገሩን ይህን መሰለን።

«ማተም ውድ ነው፣ መላክ አይቻልም።» ይህ ውሸት ነው። ከመለስን በኋላ ከአንድ ቤተሰብ ጋር የተነሳናቸውን 14 ፎቶዎች አሳተምን፤ ያወጣነው ለመንገድ ምሳ ካወጣነው ያነሰ ነው። አሰላ ለሚሄድ ሾፌር በፖስታ ሰጠን፤ በሦስተኛው ቀን የቤተሰቡ ልጅ ደውሎ «ደርሷል» አለን። ከጀርባው የሴቶች ሳቅ ይሰማ ነበር። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ እስከዛሬ አለማድረጋችን የብር ነገር አልነበረም። ረስተናቸው ነው። ከአስፋልቱ እንደወጣን ሰው መሆናቸው ቀርቶ ፋይል ሆነው ነው።

ስለዚህ ለራሳችን ሕግ አወጣን፤ ለእናንተም እንመክራለን። በወሰኑ እንሄዳለን እንጂ ሰብል አንረግጥም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ስም፣ ካሜራው በሦስተኛ ደረጃ። ፎቶው ባለቤቱ እጅ ሳይደርስ ገጻችን ላይ አይወጣም። የማንችለውን «እንልካለን» አንልም፤ ዝም ማለት ይሻላል። የፎቶ ጉዞ እያዘጋጃችሁ ገንዘብ የምትሰበስቡ ወዳጆቻችንም፣ ከመኪናና ከአልጋ ኪራዩ ጋር የማሳተሚያና የመላኪያውን ሒሳብ አብራችሁ ጨምሩበት። ያኔ የማንም በጎ ፈቃድ አይጠበቅም።

አባት በመጨረሻ ፎቶ አልተነሱም። ማሳውን ግን ፈቀዱልን። «እሱ አይከፋውም» አሉ። የልጃቸውን ስልክ ተቀበልን። ያቺ በቀይ ሻሽ የተነሳች ጓደኛችን ፎቶዋን እስካሁን የትም አልለጠፈችውም። ቆንጆ ፎቶ ነው፤ ግን በስተኋላዋ ያለው የተረገጠ መንገድ አሁን ለሁላችንም ይታየናል።

ይህን የጻፍነው ግን ለመምከር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው እየፈለግን ነው። ካቻምና ኅዳር ላይ በበቆጂ መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሃርድ ዲስካችሁን ክፈቱ። አውድማ ዳር የቆሙ ባልና ሚስት፤ እሳቸው ጋቢ ደርበው፣ እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እየሳቀች። ምናልባት ትኩረቱ አልያዘ ይሆናል። ምናልባት «አይረባም» ብላችሁ ከመረጣችኋቸው ውጪ አድርጋችሁት ይሆናል። ለእናንተ ከሺህ አንዱ ነው።

ላኩልን። የልጃቸው ስልክ እኛ ጋ አለ፤ እኛ እናደርሳለን። ይህኛውን «እናደርሳለን» በእርግጥ እናደርሳለን።