የፈተና ወረቀትና የቦክስ ጓንት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የአበው ምሳሌ። ይህ ምሳሌ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከመደበኛ ሥራው ሌላ ሁለተኛ ነገር የሚሞክረውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ የቦክስ ጓንት የሚያጠልቅ መምህርም ከዚህ ተግሣጽ አያመልጥም። ወዳጆቹ «አንዱን ምረጥ» ይሉታል፤ ባልደረቦቹም በጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የፈተና ወረቀት እያዩ በሆዳቸው ያሙታል። ዳሩ ግን ምሳሌው በጥሞና ሲመረመር፣ የሚከለክለው ሁለት ዛፍ በአንድ ጊዜ መውጣትን ነው እንጂ አንዱን ወጥቶ ከወረዱ በኋላ ሌላውን መውጣትን አይደለም። የመምህሩም ጉዳይ መታየት ያለበት በዚህ በኩል ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ካርቱምን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ከጣና የሚወርደው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት በዚህች ከተማ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ስለዚህ ቦክስ የሚለማመድ ሰው የሚሮጠውና ገመድ የሚዘለው ወይ ጎሕ ሲቀድ፣ ወይ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ለመምህርም ቢሆን ወረቀት ለማረም የሚመቸው ያው ቀዝቀዝ ያለው ሰዓት ነው። ሁለቱ ሥራዎች የሚጋጩት እንግዲህ በቀኑ ሁሉ ሳይሆን በእነዚህ ጥቂት ሰዓቶች ላይ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በካርቱም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ወጣት መምህር ይታሰብ። አራት ክፍል ቢያስተምርና በየክፍሉ 60 ተማሪዎች ቢኖሩ በፈተና ማግስት 240 ወረቀት ይጠብቀዋል። ለአንዱ ወረቀት አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ ድምሩ 1200 ደቂቃ፣ ማለትም 20 ሰዓት ይሆናል። ውጤቱ በ10 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ቢታዘዝ የየቀኑ ድርሻ ሁለት ሰዓት ነው። የቦክስ ልምምዱ ደግሞ በአንድ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ሁለቱ ተደምረው ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናሉ። በሒሳብ ረገድ ይህ የሚቻል ነገር ነው። ነገር ግን መምህሩ «ነገ እጀምራለሁ» እያለ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቀናት ቢያሳልፍ፣ በቀሩት አራት ቀናት በየቀኑ አምስት ሰዓት ማረም ይገደዳል። ያን ጊዜ ልምምዱም እርማቱም ይበላሻል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ስሌት ትተው «መምህር ከሆነ ቦክሱን ይተው» ይላሉ። ይህ አስተያየት በፍጥነት የሚቀበሉት አይደለም። የአፍሪካ ስፖርት የተገነባው ሌላ መተዳደሪያ ሥራ በነበራቸው ሰዎች ጭምር ነውና። ለዚህም ምስክሯ ራሷ ካርቱም ናት። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በዚህች ከተማ ነበር፤ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ የተሳተፉበት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድርም የተካሄደው በዚያው ወር በዚያው ሥፍራ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም ሙሐመድ በሙያቸው ሐኪም ነበሩ፤ ስፖርትን መምራታቸው ከሕክምና ሙያቸው አላፋታቸውም። ኢትዮጵያዊው አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ከመጫወታቸው ሌላ የስፖርት አስተዳደርን ሸክም ተሸክመዋል። ሁለቱም በየተራቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ የሚያረጋግጠው አንድ ሰው ሁለት ኃላፊነት ሊሸከም መቻሉን ብቻ ነው፤ ሸክሙ ያለ ዋጋ ይነሣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ቦክስን የሚወድ መምህርም «እነ እገሌ ችለዋል» ብሎ ብቻ ራሱን ነፃ ሊያወጣ አይገባውም። በቅድሚያ የእርማትን ጠባይ፣ ቀጥሎም የቦክስን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል።

እርማት ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ቀይ እስክሪብቶ መያዝና ነጥብ መደመር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ከፍርድ ሥራ የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለብዙ መምህራን በመላክ አሳረሙ። የ142 መምህራን እርማት ሲነጻጸር ለአንዱና ለዚያው ወረቀት የተሰጠው ነጥብ ከመቶ ከ30 በሚበልጥ ልዩነት ተራርቆ ተገኘ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጥናት፣ ሰው ሌላውን ሰው ሲመዝን በአንድ ባሕርዩ ያደረበት ስሜት የቀሩትን ባሕርያቱን ሁሉ እንደሚያቀልምበት አሳየ። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ጥሩ የእጅ ጽሕፈት ደካማውን መልስ ያሳምረዋል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ስሕተትም በአምስተኛው ጥያቄ ላይ ጥላውን ያጠላል። በሰከነ አእምሮ የሚያርም ሰው ይህን ያህል የሚሳሳት ከሆነ፣ ክንዱ ዝሎና ዓይኑ ተጨፍኖ በእኩለ ሌሊት የሚያርም ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የታረመ ወረቀት በአቤቱታ ምክንያት ዳግመኛ መታረሙ አይቀርም። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ አቤት ለማለት የማይደፍረው ዓይናፋር ተማሪ ያልተገባውን ነጥብ ይዞ በዝምታ መቅረቱ ነው።

የቦክስም ጠባይ ከሌላው ስፖርት ይለያል። ሩጫ የሚያደክመው እግርን ነው፤ ቦክስ ግን ጭንቅላትን ይመታል። ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለብዙ ጊዜ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ቦክሰኞች ላይ የሚታየውን የአእምሮ ጉዳት ገልጿል። በአንድ ምሽት የልምምድ ግጥሚያ የሚደርስ ጠንካራ ምት እንኳ ራስ ምታትን፣ ማዞርንና ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልን ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ምት የደረሰበት ሰው ዕረፍትና ሐኪም ያሻዋል እንጂ 240 ወረቀት አይሰጠውም።

ከዚህ በመነሣት ትክክለኛው መንገድ ቦክስን ጨርሶ መተው ሳይሆን ልምምዱን ከትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ማስማማት ነው። ፈተና በድንገት አይመጣም፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። በመሆኑም ከባዱ ልምምድና የእርስ በርስ ግጥሚያው ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት ይከናወን፤ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ግን ጭንቅላት ከሚመታበት ነገር ሁሉ ይራቅ። በእርማቱ ወቅት ቀለል ያለ ሩጫ፣ የገመድ ዝላይና ብቻን ቆሞ አየር እየመቱ መለማመድ ይበቃል። ይህ የሰውነትን ብርታት ይጠብቃል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለውንና ማታ ጎብጦ የሚያርመውን ወገብም ያፍታታል። ሥራዎቹም ቦታ ይለዋወጡ፤ በማለዳ አእምሮ ንጹሕ ስለሆነ ያ ሰዓት ለወረቀቱ ይሰጥ፣ ምሽቱ ደግሞ ለልምምዱ ይተው። በካርቱም የዕረፍት ቀን የሆነው ዓርብም ከሌላው ቀን ሰፋ ያለ የእርማት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ቦክስ ራሱ ለእርማት የሚያበድረው ጥበብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣው የኩዊንስቤሪ ደንብ መሠረት ቦክሰኛ ሦስት ደቂቃ ተጋጥሞ አንድ ደቂቃ ያርፋል። ደወሉ ሲመታ፣ በማሸነፍ ላይ ያለውም ቢሆን ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል። መምህርም ለራሱ ደወል ቢያበጅ ይጠቀማል። የመልሱን ቁልፍና የየጥያቄውን ነጥብ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከዚያም የአንዱን ተማሪ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ከመጨረስ ይልቅ የሁሉንም ተማሪዎች አንደኛ ጥያቄ፣ ቀጥሎም የሁሉንም ሁለተኛ ጥያቄ እያለ ይረም። እንዲህ ሲያደርግ ሁሉም በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ፤ የአንዱ መልስ መጥፎነትም ወደ ሌላው አይጋባም። ሃያ ወረቀት ባረመ ቁጥር ተነሥቶ ይንጠራራ። ሲጨርስም መጀመሪያ ያረማቸውን ጥቂት ወረቀቶች ተመልሶ ይመልከት፤ ሚዛኑ በመካከሉ ተዛብቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገለጥለታል።

ሸክሙን በመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ መጣልም ፍትሕ አይሆንም። አንድ ሰው 240 ወረቀት እንዲያርም የሚያደርገው የክፍሉ ብዛት ነው እንጂ ቦክስ አይደለም። ቦክስ የማያውቀው መምህርም በዚያ ክምር ፊት ይደክማል። ርእሰ መምህሩ የፈተናዎቹን ቀን አራርቆ ቢመድብ፣ አሠልጣኙም በፈተና ወር ግጥሚያ ባይዝ፣ ችግሩ በግማሽ ይቃለላል። መምህሩም ሁለተኛ ሥራውን ሳይደብቅ ለሁለቱም ወገን አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንዴ ሁለቱ አብረው አይሄዱ ይሆናል። ያን ጊዜ መቅረት ያለበት ጓንቱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቦክስ ሜዳ ተሸናፊ የሚሆነው ወደ ሜዳው ወድዶ የገባው ራሱ መምህሩ ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ወይም የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይጠብቀዋል። በተበላሸ እርማት ግን የሚሸነፈው ምንም ያላጠፋ ተማሪ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እጅግ ብዙ ቤተሰቦችም ከተማይቱን ለቅቀው ተሰደዱ። ቤቱንና ንብረቱን ትቶ ለሚሰደድ ወጣት የትምህርት ውጤቱ በሌላ አገር የሚያስመዘግበው፣ ተሸክሞት የሚሄድ ብቸኛ ሀብቱ ሊሆን ይችላል። በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረው ቁጥር በድካም የተጻፈ እንደሆነ የሚያርመው ሰው በኋላ ከቶ አይገኝም።

እንግዲህ መምህር ሁለቱንም ዛፎች መውጣት ይችላል፤ ነገር ግን በየተራቸው ይሁን። በአንደኛው ዛፍ ላይ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የ240 ወጣቶች ፍሬ ስለተንጠለጠለ፣ አስቀድሞ መውጣት ያለበት በዚያኛው ነው።