መሣሪያው በማን እጅ ነው?

መሣሪያ በራሱ ማንንም ነፃ አያወጣም፤ ወሳኙ በማን እጅ መግባቱና ለማን ጥቅም መዋሉ ነው። ለሆቴልና ለቱሪዝም ሠራተኞች በእጅ ስልክ አማካይነት የሥራ ፈጠራ ትምህርት ስለሚሰጡ ሶፍትዌሮች ስንነጋገር፣ ከዚህ መሠረታዊ ነጥብ መነሣት ይገባናል።

የተባበሩት መንግሥታት ኤምፕሬቴክ የተባለውን የሥራ ፈጠራ ሥልጠና በ1988 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ጀመረ። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ ኢንስቲትዩት የሆነው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል በዚሁ ዘዴ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ሥልጠናው የሚያስተምራቸው ጽናት፣ ዕቅድ ማውጣትና መረጃ መሻት ጠቃሚ መሆናቸውን አንክድም። ሆኖም የአስተናጋጇና የአልጋ አንጣፊዋ ድህነት ከባሕርይ ጉድለት የመነጨ አስመስሎ የሚያቀርብ ትምህርት ቢኖር፣ የደመወዝን ጥያቄ በምክር ለመሸፈን የሚደረግ ሙከራ ነውና አጥብቀን እንቃወመዋለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም የደነገገው፣ ጥያቄው ከግለሰብ ትጋት በላይ ስለሆነ ነው።

ተጨባጩን ሁኔታ በመርካቶ ሸማ ተራ እንመልከት። በሽሮ ሜዳ ጥለት የሚጥለው ሸማኔ፣ በሸማ ተራ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ ጎብኚውን የሚመራው አስጎብኚና እንግዳውን የሚያስተናግደው የሆቴል ሠራተኛ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የአንዲት ነጠላን ዋጋ ሲተምን ድሩን፣ ማጉን፣ ጥለቱንና የፈሰሰባትን የሥራ ቀን ቆጥሮ የማያሰላ አምራች የደላላ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ሒሳብ ያስተምር!

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አውድሟል። መዝገቡን ከሸቀጡ ጋር የሚያኖር ነጋዴ እሳት ሲደርስበት ንብረቱን ብቻ ሳይሆን የንብረቱን ማስረጃም ያጣል። ቅጂው በሌላ ስፍራ የተቀመጠ የስልክ መዝገብ ግን ከእሳት ይተርፋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ትምህርቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በጋሞኛ ይሰጥ። ያለ ኢንተርኔት፣ በርካሽ ስልክ ይሥራ። ፊደል ላልቆጠረው በድምፅ ያስረዳ። የሠራተኛው መረጃም የሠራተኛው ይሁን። እቁብና ዕድር ያለ ማንም አሠልጣኝ ያደራጁት ሕዝብ ይህን መሣሪያ በተናጠል ሳይሆን በማኅበሩ አማካይነት ሊረከበው ይገባል። የሰፈርና የሠራተኛ ማኅበራት መሣሪያው ተሠርቶ እስኪመጣላቸው ሳይጠብቁ፣ ገና ሲታቀድ ድምፃቸውን ያሰሙ።

ላቡን የሚያፈስስ ሁሉ የላቡን ዋጋ ይወቅ!