የተጋረደው ሳጥን

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ በካርቱም ከተማ ሪያድ በተባለው ሠፈር ይኖሩ የነበሩ አንዲት ወይዘሮ የልጃቸውን የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽ በድረ ገጽ ላይ እሞላላቸው ዘንድ ጠሩኝ። ስለ ወላጅ በሚጠይቀው ስፍራ «ባሏ የሞተባት» የሚለውን ስንመርጥ፣ የባል ስም የሚጻፍበት ሳጥን ወዲያው ተሰወረ። ወይዘሮዋም «እሰይ፣ ሳይጠይቀኝ ቀረ» አሉ። ነገር ግን «ላክ» የሚለውን ብንጫነው፣ ደግመንም ብንጫነው፣ ቅጹ ንቅንቅ አላለም፤ ምክንያቱንም አልነገረንም። «ልጄ፣ ባል የሌላትን ሴት አይቀበል ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥፋቱ የቅጹ ሠሪ ነበረ። ድረ ገጽ በሁለት ስፍራ ይሠራል፤ አንደኛው ገጹን አሰናድቶ የሚልከው ሰርቨር፣ ሁለተኛው በእጃችን ያለው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ነው። ሠሪው ሳጥኑን በጃቫስክሪፕት ከዓይናችን ጋረደው እንጂ ከገጹ አላነሣውም፤ «ግዴታ ይሞላ» የሚለውም ትእዛዝ ከሳጥኑ ጋራ ቀረ። ስልኩ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን ያውቃል፤ ዳሩ ግን ወደ ተጋረደ ስፍራ ጠቁሞ ሊያሳየን ስለማይችል ዝም ይላል። (በወረቀት ዘመን የማይመለከተንን በሰረዝ እናልፈው ነበር!) ሳጥኑ ሲጋረድ ግዴታው አብሮ ቢነሣለት፣ ወይም ሳጥኑ ከሥራ ውጭ ቢደረግ ይበቃ ነበር፤ ከሥራ ውጭ የተደረገ ሳጥን አይመረመርም፣ አይላክምም።

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። ዓይን ያላየው ሁሉ ምስጢር የሚመስላቸው ሠሪዎች፣ ለመዝገብ ሹሙ ብቻ የሚገባውን፣ ለምሳሌ የልጁን የሕመም ታሪክ ወይም የክፍያውን ልክ፣ በመጋረጃ ብቻ ሸፍነው ወደ ሰው ሁሉ ስልክ ይልኩታል። የገጹን ምንጭ መክፈት የሚያውቅ ጎረምሳ ያነበዋል፤ ሲያሻውም ለውጦ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ነገር ከሰርቨሩ ፈጽሞ መውጣት የለበትም፤ ተሞልቶ የመጣውንም ሁሉ ሰርቨሩ ራሱ እንደ ገና መመርመር አለበት። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከወጣ ወዲህ፣ ይህ የመልካም ጠባይ ነገር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

በዚያን ቀን እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፤ «ያገባች» የሚለውን መርጬ የሟቹን ስም በሳጥኑ ጻፍሁና፣ ተመልሼ «ባሏ የሞተባት» አልሁ። ቅጹም ያን ጊዜ ሄደ። ወይዘሮዋ ግን ስሙ ፊደል በፊደል ሲጻፍ አይተው ስለ ነበረ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አቀረቡ።