ከሰማይ ለሚነሣ ፎቶግራፍ የምድር ምልክት እንደሚያስፈልገው

አገርን በድሮን ፎቶግራፍ ማንሣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ያማረ ሁሉ ትክክለኛ ልክ አይደለም። ተራው ድሮን በራሱ የሚመዘግበው ስፍራ ጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ እንደ ላስታ ኩልመስክ ባለ ተራራማ አገር እርሻው ጠባብ ነውና፥ ይህ ስሕተት የአንዱን ገበሬ ማሳ ለጎረቤቱ ይሰጣል።

ስለዚህ ድሮኑ ሳይነሣ፥ ከላይ የሚታይ ምልክት በሸንተረሩም በሸለቆውም አኑሮ እያንዳንዱን በሳተላይት መለኪያ መለካት ያስፈልጋል። ምልክቱ በሜዳው ብቻ ቢሆን የተራራው ከፍታ ይዛባል። ጥቂቶቹም ምልክቶች ለካርታው መፈተኛ ይቀመጡ። በቀድሞው በአዲንዳን መነሻ የተለካውን ከዛሬው የሳተላይት ልክ ጋራ ሳያስማማ የደባለቀ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል።

ይህ ድካም በድንበር ክርክር ከሚጠፋው ዘመን ያነሰ ነውና፥ ሹማምንት ካርታው ሳይፈተን እንዳይጸድቅ ሊያዝዙ ይገባቸዋል።