ኮሶ ለግቢያችን

ከወገል ጤና እስከ ላሊበላ ባሉት ከተሞች አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለግቢው ችግኝ ሲያስብ ቀድሞ የሚታወሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ ለውበት ከሆነ ደግሞ ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጥድ። ኮሶ ልትከል የሚል እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ያሳስበኛል።

ባሕር ዛፍን ልነቅፍ አልተነሣሁም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ከገባ ወዲህ ስንቱን ቤት አቁሟል፣ ስንቱን ምጣድ አስምቷል። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም፣ ሲቸግር ይሸጣል። ነገር ግን ቦታው ከጓሮ ጎመንና ከድንች መደብ አጠገብ አይደለም። ሥሩ ውኃ ይሻማል፣ ቅጠሉ በረገፈበትም ሌላው አዝመራ አይደላውም።

ለግቢ የሚስማማውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ቀና ማለት ይበቃል። የይምርሐነ ክርስቶስን ዋሻ የከበበው የሐበሻ ጥድ ማንም በጀሪካን እያጠጣው አይደለም እዚህ የደረሰ። አፈሩን፣ ብርዱን፣ የዝናቡን መዘግየት ለምዶታል። ግን ደብር ብቻውን የአገር ዘር ሁሉ መርከብ ሆኖ እስከ መቼ ይችላል?

እርግጥ አገር በቀል የተባለ ሁሉ የትም አይተከልም። ዋንዛ የኛው ዛፍ ነው፤ የሚያምርበት ግን ወይና ደጋ ላይ ነው፣ የከፍተኛ ደጋ ውርጭ አይስማማውም። ለደጋው ኮሶ፣ ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ አምጃ፣ አንፋር አሉለት። ለአጥር ቀጋ አለ። እሾሁ ከብት ይመልሳል፣ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፣ ፍሬው የልጆች ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ ቀጋ ብቻ ነው። እሱን ከአጥራችን መንጥረን ከውጭ የመጣ ጽጌረዳ በገንዘብ ገዝተን ስንተክል ያንገበግበኛል።

ጓሮዋ ሁለት ሦስት እግር ጌሾ ያላት እመቤት ጠላ ለመጥመቅ ጌሾ ፍለጋ ገበያ አትወጣም። ድንጋይ የበዛበት ጥግ ደግሞ ለጦስኝ ይመቻል። ለሻያችንም ለበርበሬያችንም የምንፈልገው ይህ የደጋ ጦስኝ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ከተራራው ከነሥሩ እየነቀልን ከምንጨርሰው ደጃችን ላይ ብናለማው ምናለ!

ወይራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሬው ውስጥ ያለው ጠንካራ ቅርፊት እንዳለ ከተዘራ ቶሎ አይበቅልም፤ የውስጡን ዘር ሳይጎዱ ቅርፊቱን መሰንጠቅ ያፈጥነዋል። ከበቀለ በኋላም ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው። ሆኖም የወተቱ ዕቃ፣ የጠላው ጋን የሚታጠነው በወይራ ነው፤ መፋቂያውም ከሱ ነው። አያት የተከለው ለልጅ ልጅ ይደርሳልና የዘገየ ዛፍ ነው ብሎ መተው አይገባም።

ኮሶን ለመጨረሻ ያቆየሁት ምሥጢር ስላለው ነው። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ድሮ ለኮሶ ትል ይጠጣ የነበረው፣ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቷ አበባ ነው፤ አወሳሰዱን ባለማወቅ የሚጎዳ ብርቱ መድኃኒት ስለሆነ ዛሬ ክኒኑ ይሻላል። ዛፉ ግን ዘር እንዲሰጥ ሴቷ አቅራቢያዋ ወንድ ያስፈልጋታል፤ የትኛው የቱ እንደሆነም እስኪያብብ ድረስ አይለይም። ስለዚህ አንድ ችግኝ ተክሎ ዘር መጠበቅ አይቻልም። ግቢው ሰፊ የሆነ ሦስት አራት አድርጎ ይትከል፤ የጠበበው ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ አጥር ለአጥር ይትከል። ዘሩ ደቃቅ ነውና በጥልቀት አይቀበርም፤ መደቡ ላይ በትኖ ስስ አፈር ማልበስ ይበቃል። በውርጩ ወራት ሌሊት ሌሊት ችግኙን ሣር ማልበስ ነው። ችግኝ ጣቢያዎችም ሰው የሚፈልገውን ያፈላሉና ሐምሌ እስኪገባ አንጠብቅ፤ ገና በበጋው ሄደን ኮሶ አፍሉልን እንበላቸው።